መስተዋቱን የሸፈነው ሰርተፊኬት

የሰውን ልጅ ከሌላው ፍጥረት የሚለየው ምን እንደሆነ ሊቃውንት ለዘመናት ተከራክረዋል። አንዱ ማሰቡ ነው አለ፤ ሌላው መሳቁ ነው አለ። ክርክሩ የተዘጋው ዩኒቨርሲቲው ከቤት ዕቃ መሸጫው በላይ ባለው ፎቅ ላይ የኤክስቴንሽን ቢሮውን በከፈተ ዕለት ነው። ዝንጀሮም ታስባለች፣ ጅብም ይስቃል፤ ሰርተፊኬት በፍሬም የሰቀለች ዝንጀሮ ግን እስከ ዛሬ አልታየችም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረትም ወረቀት ያልደረሰው ሰው በምቀኝነት የፈጠረው ስም ማጥፋት መሆኑ የተደረሰበት ያን ጊዜ ነው።

ያ ፎቅ ባለበት መንገድ ላይ የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ከዚያ በፊት እንዲሁ በባዶ ይኖር ነበር። ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው። ፀጉር ቤቱ አንድ ወንበር፣ ተራ የሚጠበቅበት አንድ አግዳሚና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ አንድ ትልቅ መስተዋት ነበረው። አባቱ ሲያስተምሩት፣ «ራስን በቀጥታ አትመነው፤ አጠገቡ ቆመህ ስታየው ሁሉም ቀጥ ያለ ይመስልሃል። መስተዋቱ ውስጥ እየው፤ የጎደለውን የሚነግርህ እሱ ነው» ብለውት ነበር። ስለዚህ መቀሱ እዚህ፣ ዓይኑ እዚያ መስተዋቱ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። በዚህ ኋላ ቀር አሠራር የመንደሩን ራስ ሁሉ ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ ሲከረክም ኖረ። ሕዝቡም የተሻለ ነገር ስለማያውቅ ረክቶ ይሄድ ነበር።

ጣጣው የመጣው ሴት ልጁ ስትታጭ ነው። የእጮኛዋ አባት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ኃላፊ ናቸው። የቢሯቸው ግድግዳ በሰርተፊኬት ከመሸፈኑ የተነሳ ቀለሙ ምን እንደሆነ እሳቸውም ረስተውታል ይባላል። ለትውውቅ ቤቱ የመጡ ዕለት፣ ገና ወንበሩ ላይ ተደላድለው ሳይቀመጡ ጠየቁት።

«ሙያውን የት ነው የተከታተሉት?»

«ከአባቴ ነው የተማርኩት።»

«አባትዎስ?»

«ከአባቱ።»

የሥልጠና ኃላፊው ዘመድ እንደሞተበት ሰው በሐዘኔታ አዩት። ከዚያም ትከሻውን ቸብ አድርገው፣ «ግድ የለም» አሉት፤ «በልምድም ይሠራል።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ምግብ አልበላም። ሚስቱ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ «አልሰማሽም ያሉኝን?» አላት።

«ግድ የለም ነው ያሉህ። ሰው ግድ የለም ተብሎ ይታመማል?»

«ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ለራሱ አልነበረም ያዘነው። በሠርጉ ቀን የሚሆነው ከአሁኑ ተሳለበት፤ የሥልጠና ኃላፊው ማይክራፎን ይዘው ሁለቱን ቤተሰብ ያስተዋውቃሉ። የሙሽራው አባት እንዲህና እንዲያ ናቸው ይላሉ፤ የሙሽሪት አባት ደግሞ ብለው ሲጀምሩ ትንሽ ያመነታሉ። በዚያች ማመንታት ውስጥ ልጁ አንገቷን ስትደፋ ታየው። ይህችን ልጅ ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳታል፤ በእሱ ምክንያት በባሏ ቤተሰብ ፊት እንድታንስ አይፈልግም። ስለዚህ በማግሥቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ወደ ኤክስቴንሽን ቢሮው የሚወስደውን፣ የቫርኒሽ ሽታ የሚያፍነውን ደረጃ ወጣ።

የቢሮው አስተባባሪ በደስታ ተቀበለው።

«በምን ዘርፍ ነው የሚፈልጉት?»

«በፀጉር።»

«ፀጉር ጠባብ ነው» አለ አስተባባሪው። «በፀጉር ብቻ ከወሰንነው ፀጉሩ ያለቀ ዕለት ሰርተፊኬቱም ያልቃል። የራስ ቅል ገጽታ አስተዳደር የሚባል አለን። መላጣውንም ያቀፈ ነው።»

«መቀስ ይዤ ልምጣ?»

«መቀስማ ያልተማረውም ይይዛል። እኛ ስለ መቀስ እንወያያለን።»

ሥልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰጠ። በመጀመሪያው ቅዳሜ «ፀጉር ምንድን ነው?» በሚል ርዕስ በቡድን ተወያዩ፤ በሁለተኛው «ፀጉር ለምን?» በሚለው ላይ የጋራ አቋም ያዙ። የቀረው ጊዜ ለሻይ ዕረፍትና ለቡድን ፎቶ ዋለ። ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት የሚሠራው ልብስ ሰፊም አብሮ ሠልጥኗል፤ ፕሮግራሙ የቀደመ ዕውቀት አይጠይቅምና። እንዲያውም ከፀጉር አስተካካዩ የበለጠ ውጤት ያመጣው እሱ ነው፤ የሚረሳው ነገር ስላልነበረው ትምህርቱ ቶሎ ገባለት።

በምርቃቱ ቀን ሁሉም ጥቁር ካባ ለበሱ። አስተባባሪው መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ «ዛሬ ራሳችሁን ችላችኋል፤ ከነገ ጀምሮ የሌላውን ራስ ትረከባላችሁ» ሲል ብዙ ሰው አለቀሰ። ፀጉር አስተካካዩ ሰርተፊኬቱን በወርቃማ ፍሬም አስገብቶ ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰደው።

«ከኋላ ግድግዳ ላይ ስቀለው» አለችው ፎጣ የምታጥበው ሚስቱ። «ባዶ ነው።»

«ደንበኛ ዓይኑ ያለው ከፊቱ ነው። ከኋላው ብሰቅለው በጆሮው ያነበዋል?»

«ከፊቱ እኮ መስተዋት ነው ያለው።»

«እሱ ላይ ነው የምሰቅለው። ራሱንማ ቤቱም ያየዋል።»

ተሰቀለ። አንድ ሰርተፊኬት ብቻውን ግን እንደ አንድ ጫማ ነው፤ ሌላውን ይጠራል። በምላጭ ሥነ ምግባር ሠለጠነ። በወረፋ አመራር ሠለጠነ። በደንበኛ አቀባበልና አሸኛኘት ሠልጥኖ፣ ቀድሞ እንዲያው በአፍ ልማድ ይል የነበረውን «እንኳን ደህና መጡ» በሳይንሳዊ መንገድ ማለት ጀመረ። አንድ ፍሬም በተጨመረ ቁጥር ከደንበኛው መልክ አንድ ነገር ይቀነሳል፤ መጀመሪያ ግንባሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ በመጨረሻ አገጩ።

«ጋሼ፣ ፊቴን የት ልየው?» አለው አንድ የታክሲ ሾፌር።

«የእኔን ማስረጃ እያየህ ስለ ፊትህ ምን ያስጨንቅሃል?»

ሾፌሩ ማስረጃውን አነበበና ስለ ፊቱ ይበልጥ ተጨነቀ። ፂሙን ሊላጭ የመጣ ሌላ ደንበኛ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ ዳሰሳ ተደረገለት።

«ፂምህ የሚላጭበት ዓላማ ምንድን ነው?»

«ያሳክከኛል ጋሼ።»

«ማሳከክ ችግር ነው እንጂ ዓላማ አይደለም። ዓላማህን ለይተህ ነገ ተመለስ።»

ሰውየው ዓላማውን ሲለይ ቀረ። ቀስ በቀስ አግዳሚው ባዶ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ግን አልደነገጠም፤ ወረፋው በዚህ ፍጥነት መወገዱ የወረፋ አመራር ሥልጠናው ያፈራው ውጤት መሆኑን በሪፖርት መልክ ለሚስቱ አስረዳት።

«እውነትህን ነው» አለችው። «የሰው ራስ አልቆብህ አሁን የምትልጠው የእኔን ጨጓራ ብቻ ነው።»

ሠርጉ ሲቃረብ የሥልጠና ኃላፊው ሊጎበኙት መጡ። መነጽራቸውን አውጥተው ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ መጨረሻው ቆመው አነበቡ፤ ማኅተሞቹንም አንድ በአንድ ቀረብ ብለው አዩ። ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እስከ ዛሬ አማች ብቻ ነበርን» አሉ። «ከእንግዲህ ባልደረቦች ነን። በሠርጉ ጠዋት ልጄን እዚሁ ይዤው እመጣለሁ። ሙሽራ ማማር ያለበት በሠለጠነ እጅ ነው።»

የፀጉር አስተካካዩ ልብ ቅቤ ጠጣ። ሰውየው ሊወጡ ሲሉ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው ወደ መስተዋቱ ጥግ ጠቆሙ። እዚያ የአንድ ፍሬም ስፋት ያላት ቦታ ክፍት ነበረች።

«ያቺ ክፍተት ብቻ ዓይን ትወጋለች። ለሠርጉ ብትሞላ ጥሩ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚሠራው በዚያች ክፍተት ነበር። የቀረው ደንበኛ ሲመጣ ወንበሩን ወደ ጥጉ ገፋ ያደርግና፣ አንገቱን አስግጎ በዚያች ቀዳዳ የደንበኛውን ግራና ቀኝ እያየ ይከረክማል። ይህን ግን ለማን ይናገራል? አባቴ በመስተዋት ሥራ ብሎኛል ቢል፣ አባትዎስ የት ተማሩት መባሉ ነው። ደረጃውን ወጥቶ አስተባባሪውን አማከረው።

«ስለ መስተዋት የሠለጠኑት ነገር አለ?» አለው አስተባባሪው።

«እንዲያው አይበት ነበር።»

«እንዲያው!» አለ አስተባባሪው አንገቱን እየነቀነቀ። «ይህን ያህል ዘመን ያለ ሥልጠና መስተዋት ሲያዩ ኖረው አንድ ነገር አለመሆንዎ ዕድል ነው።»

ስለዚህ በመሠረታዊ የመስተዋት አጠቃቀም ሠለጠነ። በከፍተኛ ውጤት አለፈ። ሰርተፊኬቱን አምጥቶም በመጨረሻዋ የመስተዋት ክፍተት ላይ ሰቀለው።

የሠርጉ ጠዋት ደረሰ። ሙሽራው ሸሚዙን እንዳያበላሽ በጥንቃቄ ተቀመጠ፤ አባቱና ሚዜው አግዳሚው ላይ ሆኑ። ፀጉር አስተካካዩ ነጩን ጨርቅ ሙሽራው አንገት ላይ አሰረ፣ ማበጠሪያውን ነከረ፣ መቀሱን አነሳ። እንደ ልማዱ ዓይኑን ወደ መስተዋቱ ሲልክ የራሱን ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አገኘው። ወዲያ ቢል ስሙ፣ ወዲህ ቢል ስሙ። የሙሽራው ራስ ከስር ነው፤ በቀጥታ ሲያየው ደግሞ ቀጥ ያለ ይመስለዋል።

ቀኙን ቆረጠ። ግራው የረዘመ መሰለውና ግራውን ቆረጠ። አሁን ቀኙ ረዘመበት።

«አባባ» አለ ሙሽራው ቀስ ብሎ፣ «የግራው ጆሮዬ እየበረደኝ ነው።»

«ይሄ የተለመደ ደረጃ ነው ልጄ።»

ሚስቱ ፎጣውን ጥላ ተጠጋችና በጆሮው ሹክ አለችው። «አንዷን አውርዳትና እይበት።»

ነገሩ እውነት ነበር፤ አንድ ፍሬም ቢወርድ ሁሉም ይስተካከላል። ፀጉር አስተካካዩ ድፍረቱን ሰብስቦ ወደ አግዳሚው ዞረ።

«ጌታዬ፣ ለትንሽ ጊዜ አንዷን ሰርተፊኬት ባወርድ ምን ይመስልዎታል?»

«የትኛዋን?»

«እንጃ፤ የወረፋ አመራሯን?»

«ወረፋ የሌለው ፀጉር ቤት ይቻላል፤ የወረፋ አመራር የሌለው ፀጉር ቤት ግን አይቻልም» አሉ የሥልጠና ኃላፊው።

«የምላጭ ሥነ ምግባሯንስ?»

«በሠርግ ቀን ሥነ ምግባር ይወርዳል?»

«የመስተዋቷን አውርዱ» አለች ሚስቱ። «የሸፈነችው እኮ መስተዋት ነው።»

ሁለቱም ሰዎች በድንጋጤ አይዋት። «የመስተዋቷንማ እንዴት እናወርዳለን?» አሉ የሥልጠና ኃላፊው። «በዚህ ቤት ስለ መስተዋት ያለው ብቸኛ ማስረጃ እሷ ናት።»

ፀጉር አስተካካዩ ማስተካከሉን ቀጠለ። ሲጨርስ የሙሽራው ግራ ጎን ከጆሮው በላይ ድረስ ራቁቱን ወጥቷል፣ በቀኙ በኩል ግን ጎረምሳ ሣር የመሰለ ፀጉር ቆሟል፤ መሐሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ጣሪያ ያዘቀዝቃል። ሙሽራው መልኩን ለማየት ወደ ፊት ሲያማትር መስተዋት ስላልነበረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ተነሳ።

ልጅቷ ያየችው ከአዳራሹ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ነው። የባሏን ራስ አየች፤ ቀጥላም ወደ አባቷ ዘወር አለች።

«አባዬ፣ በድሮው እጅህ ብታስተካክለው ምን ነበረበት?»

ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣው እሷ አንገቷን እንዳትደፋ ነበር፤ አሁን አንገቷን ቀና አድርጋ ስትጠይቀው አንገቱን የደፋው እሱ ሆነ። አፍሮም አዝኖም፣ ካባ ያህል በሚሰፋ አዲስ ኮቱ ውስጥ ተሸጉጦ ቆመ።

እፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም። የሥልጠና ኃላፊው ማይክራፎኑን ያዙ። እንግዳው ሁሉ የሙሽራውን ራስ እያየ ይጠቋቆም ነበር።

«የተከበራችሁ እንግዶቻችን» አሉ፣ «የልጄን ራስ ታያላችሁ። የተላጨው ያለፍነው ዘመን ነው፤ ያልተላጨው ወደፊት የምንደርስበት ነው። ይህ በድንገት የመጣ አይደለም። ከጀርባው የሙሽሪት አባት ተደጋጋሚ ሥልጠና አለበት።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከጨበጨቡት አብዛኞቹ ነገሩ አልገባቸውም፤ ያልገባውን ነገር ተቃውሞ ደንቆሮ መባል የሚፈልግ ግን አልነበረም። በሳምንቱ ወጣቶች «እንደ ሙሽራው አድርግልን» እያሉ አግዳሚውን ሞሉት። ለዚህ ቁርጥ መስተዋት ስለማያስፈልግ ሥራው ቀለለ። ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይመስል ጀመር፤ ዩኒቨርሲቲውም የዘመኑን ፍላጎት ተከትሎ «ያዘነበለ ቁርጥ፦ መርሕና አተገባበር» የሚል አዲስ የሰርተፊኬት ፕሮግራም ከፈተ።

ፀጉር አስተካካዩ ኮቱን ለብሶ ደረጃውን ወጣ። አሠልጣኝ ሊሆን ነው።

«በዚህ ዘርፍ ሰርተፊኬት አለዎት?» አለው አስተባባሪው።

«እኔ እኮ ነኝ የጀመርኩት።»

«መጀመርዎን አልካድንም። ይችሉበታል ወይ ነው ጥያቄው።»

አሠልጣኝ ሆኖ የተመደበው ፊት ለፊቱ ያለው ልብስ ሰፊ ነበር፤ በአሠልጣኞች ሥልጠና ሰርተፊኬት አለውና። ፀጉር አስተካካዩ እንደማንኛውም ተማሪ ተመዝግቦ ከኋላ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ያዘነበለ ቁርጥ ከየት እንደመጣ ሲያስተምር በማስታወሻው ጻፈ። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ተባለ።

የተግባር ፈተናው ቀን እያንዳንዱ ተፈታኝ የሚቆርጠውን ራስ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ፀጉሩ መልሶ ያደገለት አማቹ፣ የያኔው ሙሽራ፣ ምንም ቢሆን የሚስቴ አባት ናቸው ብሎ ራሱን ይዞለት መጣ። ልጅቷ ከቤት ስትሸኛቸው ባሏን አቅፋ ትንሽ እንደማልቀስ ብሏት ነበር።

የፈተናው ክፍል አዲስ ነው። ወንበሩ አዲስ፣ መቀሱ አዲስ፤ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ለፕሮግራሙ ተብሎ የተገዛ፣ ምንም ያልተሰቀለበት ትልቅ መስተዋት አለ። ፀጉር አስተካካዩ ቀና ሲል ከብዙ ጊዜ በኋላ የገዛ ፊቱን አገኘው። አርጅቷል። ከፊቱ ስር የአማቹ ራስ ግራና ቀኙ ሳይቀር ወለል ብሎ ይታያል። ከዚህ በኋላ የሆነውን እሱም በደንብ አያስታውሰውም። እጁ ሳያማክረው መሥራት ጀመረ። መቀሱ እዚህ፣ ዓይኑ እዚያ ሆኖ፣ አባቱ ከጀርባው የቆሙ ይመስል ዝም ብሎ ሠራ፤ ደስ ብሎትም ነበር።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ቀረበ። የቀኙን ለካ። የግራውን ለካ። አላመነምና ደግሞ ለካ።

«እኩል ነው» አለ በሐዘን።

ፈታኞቹ ተጠርተው መጡ፤ ሁሉም በየተራ የአማቹን ራስ ዞረው አዩት። ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ዝንባሌ አልተገኘበትም። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ተላለፈ፤ ተፈታኙ ወድቋል። በፈታኝነት የተጋበዙት የሥልጠና ኃላፊ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኙት። እዚያ እንደ ድሮው ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

«ግድ የለም» አሉት። «በልምድም ይሠራል።»

አማትና አማች መንገዱን ተያያዙት። አማቹ ራሱን በእጁ ይዳብሳል፤ የግራ ጆሮውም የቀኙም አልበረደውም፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ይነበባል። የማዕዘኗ ባለሱቅ ከሩቅ አይታው ከሱቋ ወጣች።

«አንተ ሙሽራ» አለችው፣ «ዛሬማ እንዴት አምሮብሃል። ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተካከለህ?»

አማቹ በኩራት ወደ ጎኑ ዘወር ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ፀጉር አስተካካዩ ክርኑን ጨበጥ አደረገውና ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ልጄ፣ በእናትህ እኔ መሆኔን እንዳትናገር» አለው። «ወድቄበታለሁ።»